እስከ መጨረሻው ቀን መታገል
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር



እንደምታውቁት የእኛ ክፍል የመጨረሻውን ፈተና ሊቀበል ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተውታል። በዚህ ሰዓት ከመካከላችን አንዳንዱ «ከእንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ጊዜው አልፏል» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «በምንም መንገድ ይሁን፣ ብቻ ማለፍ ነው» ሲል ይሰማል። ሁለቱም አነጋገሮች ወጣትን የሚጎዱ ስለ ሆኑ፣ ለሁለቱም መልስ የሚሰጥ አንድ እውነተኛ ታሪክ መርጠናል። ታሪኩ የተፈጸመው በ1951 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ሲሆን፣ ባለታሪኮቹም የቤዝቦል ተጫዋቾች ናቸው። የምንጠራቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቤዝቦል በአገራችን ብዙ የተለመደ ስላልሆነ ስለ ሕጉ ጥቂት መናገር ይገባናል። ጨዋታው እንደ ገና ጨዋታ በዱላና በኳስ ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ሌላ ነው። ከአንዱ ወገን ወርዋሪው ኳሱን በኀይል ይወረውራል፤ ከሌላው ወገን መቺው በዱላው ለመምታት ይሞክራል። መትቶ በሜዳው ማዕዘኖች ላይ ያሉትን ማረፊያዎች ሁሉ ዞሮ ወደ ተነሣበት የተመለሰ ሰው ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያገኛል። ኳሱ በአየር ላይ ከአጥሩ ወዲያ ከተሻገረ ግን መቺውም፣ ከእሱ በፊት በማረፊያዎቹ ላይ የቆሙት ጓደኞቹም ያለ ከልካይ ዞረው ይገባሉ፤ ይህም ሆም ረን ይባላል። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ሲሆን፣ ሦስት ሰው የተሰናበተበት ቡድን የመምታት ተራውን ለሌላው ይለቃል።

በዚያ ዘመን ናሽናል ሊግ የሚባለው ማኅበር 8 ቡድኖች ነበሩት። እያንዳንዱ ቡድን ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ 154 ጊዜ ከተጫወተ በኋላ፣ አንደኛ የወጣው ብቻ ዎርልድ ሲሪስ ወደሚባለው ወደ ዋናው የሻምፒዮና ግጥሚያ ያልፍ ነበር። ከ2022 ወዲህ ከየሊጉ 6 ቡድኖች ወደ ማጣሪያው ያልፋሉ፤ በ1951 ግን ሁለተኛ መውጣት ማለት ወደ ቤት መሄድ ነበር።

እንግዲህ ኒውዮርክ ጃይንትስ የተባለው ቡድን ያንን ዓመት የጀመረው በውርደት ነው። 11 ጨዋታ በተከታታይ ስለ ተሸነፈ፣ ከመጀመሪያዎቹ 14 ጨዋታዎች ያሸነፈው 2ቱን ብቻ ነበር። አሠልጣኙ ሚስተር ሊዮ ዱሮቸር ግን ተጫዋቾቻቸውን መስደብና ዕድልን መራገም ብቻ አልበቃቸውም፤ እያንዳንዱ ሰው በየትኛው ቦታ ቢቆም እንደሚሻል እየመረመሩ ቡድኑን እንደ ገና ያደራጁ ጀመር። በሜይ ወርም ዊሊ ሜይስ የተባለውን የ20 ዓመት ጥቁር ወጣት ከታችኛው ሊግ አስመጡ። ሜይስ በመጀመሪያ 12 ጊዜ ለመምታት ወጥቶ አንድም ጊዜ አልቀናውም። አንድ ሆም ረን ከመታ በኋላም እንደ ገና ከሸፈበትና አዝኖ እያለቀሰ ወደ ነበረበት እንዲመልሱት ለመናቸው። እሳቸው ግን የመካከለኛው ሜዳ ቦታ የእሱ መሆኑን ነግረው አጽናኑት። ያ ወጣት በዓመቱ መጨረሻ የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ፤ በ2024 ሲሞትም ከቤዝቦል ታላላቆች አንዱ ተብሎ ነበር።

ሜይስ በመምጣቱ ቦታውን ያጣ ሰው ነበረ። እሱም በስኮትላንድ የተወለደው ቦቢ ቶምሰን ነው። ቶምሰን ለጊዜው ከተቀመጠ በኋላ፣ በጁላይ ወር ሦስተኛውን ማረፊያ የመጠበቅ ሥራ ተሰጠውና ብዙ ያልለመደውን ቦታ እየተማረ ተጫወተ። «የነበረኝ ክብር ካልተመለሰልኝ» ብሎ ቢያኮርፍ ኖሮ፣ የዚህ ታሪክ ፍጻሜ ሌላ በሆነ ነበር።

ኦገስት 11 ቀን ሲመሽ አንደኛ የነበረው የብሩክሊን ዶጀርስ 70 ጨዋታ አሸንፎ 36 ተሸንፎ ነበር፤ ጃይንትስ ደግሞ 59 አሸንፎ 51 ተሸንፎ ነበር። ሒሳብ የምትወዱ ጓደኞቻችን ይህን ተመልከቱት፤ ብሩክሊን ከቀሩት 48 ጨዋታዎች ግማሹን ብቻ ቢያሸንፍ እንኳ፣ ጃይንትስ እኩል ለመሆን ከቀሩት 44 ጨዋታዎች 35ቱን ማሸነፍ ነበረበት። እርሳስ ይዞ የሚያሰላ ሰው ሁሉ ነገሩ አልቋል ለማለት በቂ ምክንያት ነበረው።

ነገር ግን በማግስቱ አንድ ጨዋታ አሸነፉ፤ በሚቀጥለውም ደገሙት፤ እንዲህ እያሉ እስከ ኦገስት 27 ድረስ 16 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፉ። ከዚያም ወዲያ ትጋታቸው አልቀዘቀዘም። ከ44ቱ 37ቱን አሸንፈው ዓመቱን በ96 ድልና በ58 ሽንፈት ፈጸሙ። ዶጀርስም በመጨረሻው ቀን፣ በሴፕቴምበር 30፣ ካልተሸነፈ በቀር እጁን የሚሰጥ አልነበረም። በፊላደልፊያ ከተማ ብዙ ነጥብ ከተመራ በኋላ፣ በ1947 የሊጉን የዘር አጥር የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን በ12ኛው ዙር ለመሸነፊያ ሊሆን የነበረውን ኳስ ተወርውሮ ያዘ፤ በ14ኛው ዙርም ሆም ረን መትቶ ቡድኑን 9 ለ 8 አሸናፊ አደረገ። በዚህም ዶጀርስ እንዲሁ 96 ድልና 58 ሽንፈት ሆነ። ሁለቱ ሦስት ጨዋታ ተጫውተው ሁለት ያሸነፈው እንዲያልፍ የሊጉ ሕግ ያዝዝ ነበር።

የመጀመሪያውን ጨዋታ በብሩክሊን ሜዳ ጃይንትስ 3 ለ 1 አሸነፈ። ሁለተኛውን በጃይንትስ ሜዳ በፖሎ ግራውንድስ ዶጀርስ 10 ለ 0 አሸነፈ። ሦስተኛው ጨዋታ ኦክቶበር 3 ቀን በዚያው በፖሎ ግራውንድስ በ34,320 ተመልካቾች ፊት ተደረገ። በዚያ ቀን ቶምሰን መጀመሪያ ላይ ጓደኛው ወደ ቆመበት ማረፊያ በስሕተት ሮጦ ተሰናብቷል። ዘጠነኛው ዙር ሲደርስ ዶጀርስ 4 ለ 1 ይመራ ነበር። ሆኖም ጃይንትስ አንድ ነጥብ ጨምሮ 4 ለ 2 ሆነ፤ ሁለት ሰዎችም በማረፊያዎቹ ላይ ቆሙ። የዶጀርስ አሠልጣኝ የደከመውን ወርዋሪ አስወጥተው የ25 ዓመቱን ራልፍ ብራንካን አስገቡ። ብራንካ ሁለተኛውን ኳስ ሲወረውር ቶምሰን መታው፤ ኳሱም በግራ በኩል ካለው አጥር ወዲያ ወደቀ። 5 ለ 4! ከቶምሰን ቀጥሎ ለመምታት ተራውን ይጠብቅ የነበረው ያ ወጣቱ ሜይስ ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፤ ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን፤ እውነቱ ግን ሙሉ ሆኖ መነገር አለበት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፣ ወሬው ቀደም ብሎ ቢሰማም፣ በ2001 ጆሹዋ ፕሬገር የተባለ ጋዜጠኛ በዎል ስትሪት ጆርናል ላይ የተደበቀውን በዝርዝር አወጣው። ወርዋሪው ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረውር፣ ያዡ ቁጢጥ ብሎ በጣቶቹ በስውር ምልክት ያሳየው ነበር። ጃይንትስ ከጁላይ 1951 ጀምሮ በገዛ ሜዳው ከመካከለኛው አጥር ጀርባ ካለው ክፍል በቴሌስኮፕ ያንን ምልክት እያነበበ፣ በኤሌክትሪክ ደወል ወደ ሜዳው ዳር ያስተላልፍ፣ ከዚያም ለመቺው በምልክት ይነገረው ነበር። ቶምሰንም በዚህ ዘዴ ይጠቀሙ እንደ ነበር አምኖ፣ ያንን የመጨረሻ ኳስ ግን ምልክት ሳይቀበል እንደ መታው ተናግሯል።

አንዳንድ ሰዎች «ናሽናል ሊግ እንዲህ ያለውን መሣሪያ በግልጽ የከለከለው በ1961 ነውና ጥፋት አይባልም» ብለው ይከራከራሉ። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ ሰው የማያፍርበትን ሥራ 50 ዓመት አይደብቅም። ደግሞም ነገሩን ስንመረምረው አንድ የሚያሳዝን ነገር እናገኛለን። ቴሌስኮፑ የነበረው በፖሎ ግራውንድስ ብቻ ነው፤ ጃይንትስ ግን በሰው ሜዳም ያሸንፍ ነበር። ከሦስቱ ጨዋታዎች የመጀመሪያውን በብሩክሊን፣ ያለ ቴሌስኮፕ አሸነፈ፤ ሁለተኛውን ቴሌስኮፑ ባለበት በገዛ ሜዳው 10 ለ 0 ተሸነፈ። የሜይስን ጽናትና የቶምሰንን ትዕግሥት ቴሌስኮፕ አልሰጣቸውም። እንግዲህ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ትንሽ ትርፍ ፈልገው በላባቸው ያገኙትን ድል ለዘለዓለም ጥርጣሬ ላይ ጣሉት። ዛሬ ማንም ሰው የትኛው ምት በጉልበት፣ የትኛውስ በስርቆት እንደ ተገኘ ለይቶ ሊናገር አይችልም።

ስለ ተሸናፊውም አንድ ቃል ማለት ይገባናል። ራልፍ ብራንካ የቴሌስኮፑን ነገር በ1954 ሰምቶ ነበር። ነገር ግን በሽንፈቱ የሚያማርር ሰው ላለመምሰል ለብዙ ዓመታት በአደባባይ ሳይናገር ኖረ። ከቶምሰንም ጋር ወዳጅ ሆነው፣ አንዱ የመታውን ሌላው የወረወረውን ኳስ አብረው ለሰዎች ሲተርኩ ኖሩ። ቶምሰን በ2010፣ ብራንካ በ2016 ሞቱ። ጃይንትስ በዚያው ዓመት በዎርልድ ሲሪስ በኒውዮርክ ያንኪስ 4 ለ 2 ተሸነፈ፤ ፖሎ ግራውንድስም በ1964 ፈረሰ። ሜዳውም ዋንጫውም ሲያልፉ፣ የቀረው የሰዎቹ ጠባይ ነው።

ከዚህ ታሪክ እኛ ተማሪዎች ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው ብሎ እጅን ማጣጠፍ ስንፍና ነው፤ 37 ድል የተገኘው በየቀኑ አንድ አንድ እየሆነ ነውና። ሁለተኛ፣ በኤፕሪል የጠፋ ጨዋታ ከሴፕቴምበሩ ጋር እኩል ይቈጠራል፤ ከእነዚያ 11 ሽንፈቶች አንዱ ብቻ ድል ቢሆን ኖሮ ጃይንትስ ያን ሁሉ ጭንቀት ባላየ ነበር። ስለዚህ የታችኛው ክፍል ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ መጨረሻውን አትጠብቁ፤ ዛሬ ጀምሩ። ሦስተኛ፣ ከጓደኛ ወረቀት ላይ በዓይን የተሰረቀ መልስ ከቴሌስኮፑ አይለይም፤ የሠራነውን እንኳ ያልሠራነው ያስመስልብናል። የራሳችን ከሆነ 60፣ የእኛ መሆኑን የማናውቀው 90 አይበልጥብንም።

ይህ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ኖሮ እንደኛ ያሉትን ብዙ ልጆች እንዲያፈራ እንመኛለን።