ስለ ምክር ቤት ምርጫና ስለ ጉርብትናችን
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ስለ መዋጮ አይደለም፤ አይዟችሁ። ስለ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ ነው።

ርእሱን ያለ ምክንያት አላነሣነውም። ምርጫ በመጣ ቁጥር ለኮሚቴው ሁለት ጥያቄ ይቀርባል። አንደኛው «ድንኳኑንና አግዳሚውን ለስብሰባ አውሱን» የሚል ነው። ሁለተኛው «የአባላቱን ስም ዝርዝር ስጡን» የሚል ነው። የጠየቁንም ከአንድ ወገን ብቻ አይደሉም። መልሳችንን መጨረሻ ላይ እንነግራችኋለን። በፊት ግን ፉክክሩ ስለ ምን እንደሆነ አብረን እንረዳ።

ለመሆኑ አብላጫ ማለት ምንድር ነው? ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው። ሕገ መንግሥቱም ከ550 እንዳይበልጥ ወስኗል። አገሩ በምርጫ ክልል ተከፋፍሎ ከእያንዳንዱ አንድ ሰው ለ5 ዓመት ይመረጣል። የ547 ግማሹ 273 ተኩል ነው፤ ሰው ደግሞ አይገመስም። ስለዚህ 274 መቀመጫ ያገኘ ወገን ብቻውን ከግማሽ በላይ ያዘ ማለት ነው። በአንቀጽ 56 መሠረት በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ፣ ወይም የተጣመሩ ፓርቲዎች፣ አስፈጻሚውን አካል ያደራጃሉ፣ ይመራሉም። ጠቅላይ ሚኒስትሩም የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው። እኛ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር አንመርጥም። የምንመርጠው የአካባቢያችንን ተወካይ ነው። ማንም 274 ካልሞላለት ደግሞ መጣመር ይመጣል፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ።

ሁለተኛው ነገር፣ ድምፅና መቀመጫ አንድ አይደሉም። እስቲ በምሳሌ እንየው። በአንድ የምርጫ ክልል 10,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንዱ ተወዳዳሪ 4,000፣ ሁለተኛው 3,500፣ ሦስተኛው 2,500 አገኘ። ያሸነፈው ባለ 4,000 ነው። 6,000 ሰው ሌላ ቢመርጥም መቀመጫው ለእሱ ይሆናል፤ ሕጉ ከሌላው መብለጥን እንጂ ከግማሽ ማለፍን አይጠይቅም። «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ታመጣለች» የምንል ሰዎች ይህን እናስብ።

ሦስተኛ፣ መመረጥ ብቻውን አይበቃም፤ መገኘትም አለ። ምክር ቤቱ ስብሰባ የሚጀምረው ከግማሽ በላይ አባላት ሲገኙ ነው። ውሳኔ የሚያልፈው ደግሞ በተገኙት አብላጫ ድምፅ ነው። 274 ሰው ብቻ በመጣበት ቀን 138 ሰው አንድ ሕግ ሊያሳልፍ ይችላል ማለት ነው። የእድራችን ስብሰባስ ከዚህ በምን ይለያል? ቀርቶ ሲያበቃ «ማን ወሰነብኝ» የሚል ሰው በእኛም አልጠፋም።

ይህ ፉክክር በአገራችን ረጅም ዕድሜ ያለው አይደለም። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ፓርላማ ሲቋቋም ሕዝቡ አልመረጠም። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ሕዝቡ እንዲመርጥ ተፈቀደ። ለፓርላማ የተመረጡት የመጀመሪያዋ ሴት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም በዚያ ዘመን ገቡ። ፓርቲ ግን አልነበረም፤ ሁሉም በግሉ ነበር የሚወዳደረው። በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ 835 ሰው ሲመረጥ ደግሞ የነበረው ፓርቲ አንድ ብቻ ነው። ተፎካካሪ በሌለበት አብላጫ ማን ያዘ ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

ከዚያ ወዲህ በቁጥሩ ላይ የበረታው ፉክክር የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ነው። ያኔ ጎረምሶች ነበርን፤ ሰልፉ ገና ሳይነጋ ነበር የተያዘው። በተገለጸው ውጤት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 መቀመጫ አገኙ። የቀረውን ሌሎች ተካፈሉት። የአዲስ አበባን 23 መቀመጫ በሙሉ ያገኘው ቅንጅት ነበር። 23 ግን ከ547 ውስጥ 23 ነው። በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሲናገር አገሩ ሁሉ እንደዚያ የሚናገር ይመስላል። ይህን ስንል የቆጠራው ክርክር ከንቱ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ክርክሩ ነበረ፣ እጅግም መረረ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ገልጿል። ነፍስ ይማር።

በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይና አንድ የግል ተወዳዳሪ ብቻ ገቡ። በ2007 ዓ.ም. እነሱም አልነበሩም። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ፣ ሐምሌ 3 ቀን ከተገለጸው 436 መቀመጫ ብልጽግና 410 ወሰደ። በትግራይ በጦርነቱ ምክንያት ምርጫ አልተካሄደም፤ በሶማሌና በሐረሪ ደግሞ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመረጠ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በዚሁ ሠፈር አንድ ለቅሶ ነበር። ግማሹ ለቀስተኛ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ፤ ግማሹ አጥር ጥግ ቆመ። ንፍሮ የሚቀቅል ሰው ታጣ። «እዚያ ቤት አልገባም» ብለው መቀጫ ከፍለው የቀሩም ነበሩ። ሟቿ እኮ የምርጫ ካርድ እንኳ ያላወጡ አሮጊት ናቸው! ልጃቸው ለአንዱ ወገን ስለሠራ እሳቸው ተቀጡ። ያኔ ቃሬዛ ያልያዝን ሰዎች ዛሬም እዚህ አለን፤ ልጃቸውም እዚህ ተቀምጧል። ይቅር ተባብለናል፤ ነገሩ ግን እስካሁን ይከነክነናል።

እድራችን መዋጮ ይጨመር አይጨመር ብሎ እጅ ሲያወጣ የተሸነፈው ወገን እኩል ይከፍላል። ያሸነፈውም የተቃወመውን ሰው ሬሳ ትቶ አይቀርም። አብላጫ ማለት በእኛ ዘንድ ይህ ነው። ለአገርም ከዚህ የተሻለ ትርጉም አናውቅለትም።

ስለሆነም ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል።

1ኛ. የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚና ዕቃ ለማንም ፓርቲ አይሰጥም፤ በኪራይም ቢሆን።

2ኛ. የአባላት መዝገብ ለቀብርና ለመዋጮ እንጂ ለሌላ ጉዳይ አይገለጥም። የጠየቀን ማንም ይሁን ማን መልሱ ይኸው ነው።

3ኛ. በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቅስቀሳ ክልክል ነው። ክርክር ያማረው ከቀብር በኋላ በየቤቱ፣ በየቡናው ይከራከር፤ መከራከር ነውር የለበትም።

4ኛ. ዕድሜው 18 የሞላው ሁሉ በምርጫ ጊዜ ካርዱን እንዲያወጣ እናሳስባለን። ማንን እንደሚመርጥ ግን አንጠይቀውም፤ እሱም እንዲነግረን አንሻም።

ምርጫ በ5 ዓመት አንዴ ይመጣል። ሞት ቀጠሮ የለውም፤ ያን ቀን የሚደርስልን ደግሞ ጎረቤት ነው።



የእድሩ ጸሐፊ፣ በኮሚቴው ስም