አምሳያውና ሕመምተኛው፦ በዘር የሚወረስ የአንጀት ካንሰር በአይጥ ሲጠና



«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንደሚባለው ሁሉ፣ በምሕንድስና ሙያም ታላቁ ነገር በታናሹ ይፈተናል። የግድብ ማፍሰሻ ከመሠራቱ አስቀድሞ በቤተ ሙከራ ውስጥ በትንሽ መጠን ተቀርጾ ውሃ ይለቀቅበታል። በዚህ ሥራ የተሰማራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ትንሹ አምሳያ የስበትን ኃይል በትክክል እንዲያሳይ ከተደረገ የውሃውን ዝልግልግነት በዚያው ልክ ሊያሳይ አይችልም። ሁለቱን ባንድነት ማሟላት ስለማይቻል፣ መሐንዲሱ የትኛው እንደተሟላና የትኛው እንደጎደለ ለይቶ ውጤቱን በዚያው መጠን ያነባል። አምሳያ የሚታመነው በሁሉ ነገር እውነተኛውን ስለመሰለ ሳይሆን፣ የማይመስልበት ቦታ ተለይቶ ስለታወቀ ነው።

ይኸው ደንብ ከግድብና ከድልድይ ርቆ በሚገኝ አንድ የምርምር ዘርፍ እንዴት እንደተፈተነ መመልከት ለሙያው ባልደረቦች ትምህርት ይሰጣል። ዘርፉ በዘር የሚወረሰው የአንጀት ካንሰር ጥናት ሲሆን፣ አምሳያውም አይጥ ነው።

በሽታው በሕክምና ቋንቋ ፋሚሊያል አዴኖማተስ ፖሊፖሲስ ይባላል። ከ10,000 ሰዎች አንዱን ያህል ይይዛል። በሽታውን በወረሰ ሰው ትልቅ አንጀት ውስጥ፣ ገና በወጣትነቱ፣ በመቶ አንዳንዴም በሺህ የሚቆጠሩ ፖሊፕ የተባሉ ትናንሽ እጢዎች ይበቅላሉ። እያንዳንዱ እጢ ለብቻው ሲታይ የሚያሰጋው ጥቂት ነው፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ግን አንዱ ወደ ካንሰር መለወጡ አይቀርም ማለት ይቻላል። ሕክምና ካልተደረገ፣ ይህ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በ40 ዓመት ዕድሜ ግድም ነው። ከወላጆቹ አንዱ በሽታው ያለበት ልጅ የመውረሱና ያለመውረሱ ዕድል እኩል በእኩል ነው።

ዋናው መከላከያ ትልቁን አንጀት በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። እንግዲህ አንድ ወጣት፣ ምንም ሕመም ሳይሰማው፣ ትምህርቱን ወይም ሥራውን በሚጀምርበት ዕድሜ አንጀቱ እንዲወጣለት ይጠየቃል ማለት ነው። ቀዶ ጥገናውን የሚያስቀር ወይም የሚያዘገይ መድኃኒት ይገኝ ይሆን? የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የበሽታው መንስኤ የሆነው ጂን በ5ኛው ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኝ በ1987 እ.ኤ.አ. ታወቀ፤ ጂኑ ራሱም በ1991 ተለይቶ ኤ.ፒ.ሲ. ተባለ። በዚህ ጂን መመሪያ የሚሠራው ፕሮቲን፣ ቤታ ካቴኒን የተባለውን ሌላ ፕሮቲን እንዲፈርስ በማድረግ የሕዋሳትን መባዛት ልክ ያስይዛል። በሌላ አነጋገር የሕዋሱ ልጓም ነው። ማንኛውም ሰው የዚህ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት የመጣ ነው። በሽታውን የወረሰ ሰው አንደኛውን ቅጂ ተበላሽቶ ያገኘዋል፤ በአንጀቱ ውስጥ በአንድ ሕዋስ ሁለተኛው ቅጂ ሲጠፋ፣ ያ ሕዋስ ያለ ልጓም መባዛት ይጀምራል። ይኸው ጂን በዘር ባልተወረሰው የትልቁ አንጀት ካንሰርም በአብዛኛው ተበላሽቶ ስለሚገኝ፣ የጥናቱ ጥቅም በጥቂት ቤተሰቦች ብቻ የሚወሰን አይደለም።

አይጡ የተገኘው ግን ጂኑ ከመለየቱ በፊት ነው። በአሜሪካ በማዲሰን ከተማ በሚገኘው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ ኤሚ ሞዘር፣ ሄንሪ ፒቶትና ዊልያም ዶቭ የተባሉ ተመራማሪዎች ግኝታቸውን በ1990 እ.ኤ.አ. አሳወቁ። ጂን የሚለውጥ ኬሚካል ከተሰጣቸው አይጦች ትውልድ መካከል የደም ማነስ የሚታይበት አንድ ዘር ተገኘ። ሲመረመርም ደሙ የሚፈሰው በአንጀቱ ውስጥ ከበቀሉት ብዙ እጢዎች መሆኑ ታወቀ። ዘሩም ሚን ተባለ። በ1992 እነዚሁ ተመራማሪዎች ከጆንስ ሆፕኪንስ ባልደረቦች ጋር ሆነው፣ በአይጡም የተበላሸው ያው የኤ.ፒ.ሲ. ጂን መሆኑን አረጋገጡ። ከ2,800 በላይ አሚኖ አሲዶች ሊኖሩት የሚገባው ፕሮቲን 850ኛው ላይ ሲደርስ ይቋረጣል። በእጢዎቹም ውስጥ፣ እንደ ሰው ሁሉ፣ ጤነኛው ቅጂ ጠፍቶ ተገኝቷል።

እስከዚህ ድረስ መመሳሰሉ የሚያስደንቅ ነው። ልዩነቱም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው። የሰው እጢዎች በይበልጥ በትልቁ አንጀት ሲበቅሉ፣ የሚን አይጥ እጢዎች አብዛኞቹ በትንሹ አንጀት ውስጥ ናቸው። አይጡ በአራት ወር ዕድሜው ገደማ በደም ማነስ ስለሚሞት፣ እጢው ሥር ሰዶ ወደ ሌላ የአካል ክፍል ሲዛመት እምብዛም አይታይም። ስለሆነም አምሳያው የሚያሳየው የበሽታውን አጀማመር ነው፤ ሰውን የሚገድለው ግን ፍጻሜው ነው።

ከአምሳያው የተገኘው ሁለተኛው ትምህርት ሳይታሰብ የመጣ ነው። ሚን አይጥ የተራባው ሲ57 ብላክ 6 በተባለ፣ ለብዙ ትውልድ እርስ በርሱ በተዳቀለ ንጹሕ ዘር ውስጥ ነው። በዚህ ዘር አንድ አይጥ በአማካይ 30 ያህል እጢ ያወጣል። ኤ.ኬ.አር. ከተባለ ሌላ ዘር ጋር ሲዳቀል ግን፣ የኤ.ፒ.ሲ. ብልሽቱ ሳይለወጥ፣ ቁጥሩ ወደ 6 ገደማ ወረደ። እጢውን የሚቀንሰው ምንጭ በአይጡ 4ኛ ክሮሞዞም ላይ እንዳለ በ1993 ተደረሰበት፤ ፎስፎሊፔዝ የተባለ ኢንዛይም የሚያሠራ ጂን ዋናው ተጠርጣሪ መሆኑ በ1995 ተገለጸ፤ በ1997 ደግሞ ጤነኛው ጂን ለብላክ 6 ሲሰጠው እጢዎቹ ቀነሱ። ለካ ብላክ 6 ራሱ ይህን ጂን ተበላሽቶ የያዘ ዘር ኖሯል። የመሞከሪያው ጠረጴዛ ራሱ ጎባጣ ነበር እንደ ማለት ነው።

ጎባጣነቱ ሲታወቅ ግን ጉድለት መሆኑ ቀርቶ እውቀት ሆነ። አንድ ዓይነት ብልሽት የወረሱ ወንድማማቾች ሕመማቸው ለምን እንደሚለያይ የሚጠይቅ ሁሉ፣ መልሱን በሌሎች ጂኖች ዘንድ መፈለግ እንደሚገባው ተረዳ። ሆኖም ይኸው የፎስፎሊፔዝ ጂን በሰው ዘንድ ሲፈተሽ፣ በቤተሰብ አባላት መካከል ላለው ልዩነት ማብራሪያ ሆኖ አልተገኘም። ሐሳቡ ከአይጥ ወደ ሰው ተሻገረ፤ ጂኑ ግን አልተሻገረም።

ከሁሉ የሚከብደው የመድኃኒቱ ነገር ነው። ሱሊንዳክ የተባለው ጸረ ብግነት መድኃኒት በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ለሚን አይጦች ሲሰጥ፣ እጢ እንዳይወጣ ፈጽሞ ለማለት በሚቻል ደረጃ ከለከለ። በዚያው ዓመት በጃፓን ተመራማሪዎች በተሠራ ሌላ የኤ.ፒ.ሲ. አይጥ፣ ኮክስ-2 የተባለው ጂን ሲወገድ የፖሊፑ ቁጥር ወደ አንድ ሰባተኛ ገደማ ወረደ። ይህን የመሰለ ውጤት ያየ ሰው ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም።

በሰው ላይ የታየው ግን እንደሚከተለው ነው። ጂኑን ወርሰው ገና ፖሊፕ ያላወጡ 41 ወጣቶች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ሱሊንዳክ፣ ግማሾቹ መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ለአራት ዓመት ወሰዱ። ውጤቱ በ2002 ሲታተም፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 21 ወጣቶች ዘጠኙ፣ ካልወሰዱት 20 ደግሞ አሥራ አንዱ ፖሊፕ አውጥተው ነበር፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ ሚዛን ከቁም ነገር የሚገባ አልሆነም። ኮክስ-2ን የሚገታው ሴሌኮክሲብ በበኩሉ በ2000 በታተመ ጥናት የሕመምተኞችን ፖሊፕ በስድስት ወር 28 በመቶ ቀነሰ። በ1999 መጨረሻ በአሜሪካ ለዚህ በሽታ ተፈቅዶ የነበረ ቢሆንም፣ በ2005 የልብና የደም ሥር አደጋን እንደሚጨምር በሌላ ጥናት ታየ፤ የሚፈለገው ማረጋገጫ ጥናት ባለመጠናቀቁም ፈቃዱ በ2011 ተመለሰ።

ታዲያ አይጡ ዋሸ ማለት ነውን? አይደለም። አይጡ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል፤ የተጠየቀው ግን በትንሽ አንጀት ውስጥ፣ በጥቂት ወራት፣ የእጢን ቁጥር ነበር። የወጣቱ ጥያቄ ደግሞ በትልቅ አንጀት፣ በዕድሜ ልክ፣ ከካንሰር ስለ መዳን ነው። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለውን ርቀት መለካት የአይጡ ሳይሆን የመርማሪው ግዴታ ነው። ለዚህም ነው በ2007 የማዲሰን ተመራማሪዎች ከአይጥ የሚገዝፍ የቤተ ሙከራ አይጠ መጎጥ ያዘጋጁት፤ በዚህ እንስሳ የኤ.ፒ.ሲ. ጂን ሲበላሽ እጢዎቹ በትልቁ አንጀትም በብዛት ይወጣሉ። ይሁን እንጂ አዲሱ አምሳያም የራሱ ልዩነት አለው፤ ልዩነቱም እንደ ፊተኛው ተለይቶ መጻፍ ይገባዋል።

ክቡራን አባላት፣ የግድብ ማፍሰሻ አምሳያ ሪፖርት በመጨረሻው ገጹ ላይ ያልተሟሉትን ነገሮች ዘርዝሮ ያስቀምጣል። ያን ገጽ ሳያነብ ግድብ የሚሠራ መሐንዲስ አይኖርም፤ ቢኖርም ከግድቡ በታች የሚኖሩት ሰዎች ይፈርዱበታል። በዘር በሚወረሰው የአንጀት ካንሰርም ከግድቡ በታች የሚኖሩት፣ ምርመራቸው በየጊዜው የማይቀርላቸውና ቀዶ ጥገናው አሁንም ዋና መዳኛቸው የሆነው ወጣቶች ናቸው። ተስፋ ከአምሳያው ይመጣል፤ ለእነርሱ ከመነገሩ በፊት ግን የመጨረሻው ገጽ መነበብ አለበት።