የቤት ግምትና የባለቤቱ አቤቱታ



«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው የመንግሥት ደብዳቤ ሲደርሰው ፍርድ የተሰጠበት ይመስለዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ገዝተው በሚኖሩበት በአሜሪካ የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚላከው የቤት ግምት ማስታወቂያ ግን ባለቤቱ ሊከራከርበት የሚችል የዋጋ ግምት ነው። በጊዜው ካልተከራከረበት ግን ይጸናበታል።

በዚያ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ቤት በየ3 ዓመቱ ይገመታል። ግምቱ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ጭማሪው ለ3ቱ ዓመታት ተከፋፍሎ ይታሰባል። ስለዚህ በዝምታ የታለፈ ስሕተት የ3 ዓመት ዕዳ ሊሆን ይችላል። በጡረታ ለሚተዳደር ባለቤት ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

አቤት ባዩ በቅድሚያ ሊረዳው የሚገባው፣ ክርክሩ ስለ ግብሩ ክብደት አለመሆኑን ነው። የግብሩን መጣኔ የሚወስኑት ሌሎች ባለሥልጣኖች ናቸው፤ ገማቹ የሚጠየቀው ስለ ቤቱ ዋጋ ብቻ ነው። «ኑሮ ከብዶኛል» ለሚል ሰው ይታዘንለት እንደ ሆነ እንጂ አይፈረድለትም። «ቤቴ ይህን ያህል አያወጣም» ብሎ ማስረጃ የሚያቀርብ ግን ይደመጣል።

ማስረጃውም በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በገማቹ መዝገብ ላይ የሚገኝ ስሕተት ነው፤ ይኸውም የቤቱ ስፋት ከልኩ በላይ መመዝገቡ፣ የመታጠቢያ ክፍሎቹ ቁጥር መብዛቱ ወይም ያልተሠራው ምድር ቤት እንደ ተሠራ መቆጠሩ ነው። መዝገቡን ጠይቆ ማግኘት ይቻላል። ሁለተኛው ግምቱ ከሚታሰብበት ከጃንዋሪ 1 በፊት በቅርብ ጊዜ በዚያው ሰፈር የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ዋጋ ነው። ለምሳሌ በ500,000 ዶላር የተገመተ ቤት ባለቤት፣ 3 አምሳያ ቤቶች በ450,000 ዶላር አካባቢ መሸጣቸውን ቢያሳይ ክርክሩ መሠረት ይኖረዋል።

አቤቱታው በማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ቀን አንሥቶ በ45 ቀን ውስጥ ለግምት መሥሪያ ቤቱ ይቀርባል። በውሳኔው ያልረካ ባለቤት በ30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ቦርድ፣ ከዚያም እንደገና በ30 ቀን ውስጥ ለሜሪላንድ የግብር ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል።

እንግዲህ ጎረቤቱ ማስታወቂያውን ይዞ ወደ ባለሙያው ሲመጣ፣ ባለሙያው ከዋጋው አስቀድሞ የደብዳቤውን ቀን ይመልከት። ቀኑ ካለፈ የቱንም ያህል ጠንካራ ማስረጃ ቢሰበሰብ ለዚያ አቤቱታ አይደርስም።