ተመስጦ በኪው ገዳም

የዛሬው ርዕሳችን ተመስጦ ነው።

እዚህ ሜልበርን፣ ኪው በሚባለው ሰፈር፣ የቀርሜሎስ መነኮሳይያት ገዳም አለ። እነዚህ የካቶሊክ እናቶች ትምህርት ቤት አይመሩም፣ ሆስፒታል ውስጥ አይሠሩም። ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ይጸልያሉ። ከቅዳሴው ሌላ በየዕለቱ ረጅም ሰዓት ያለ ድምፅ በተመስጦ ይቆያሉ። ሥርዓቱ የመጣው ከቅድስት ቴሬዛ ነው። እሷም በ1562 እ.ኤ.አ. በስፔን፣ በአቪላ ከተማ፣ የመጀመሪያ ገዳሟን የከፈተች እናት ናት።

እሺ፣ ተመስጦ ምንድን ነው? እስቲ ቡና እናፍላ። ጀበናው ከእሳት እንደወረደ አይቀዳም። ከተቀዳ አተላው አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ማቶቱ ላይ እናስቀምጠዋለን። እየቆየ ይሰክናል። አተላውን ማንም በእጁ አላወጣውም፤ ራሱ ወረደ። ተመስጦም እንዲሁ ነው። ሐሳብን በግድ ማባረር አይደለም፤ በእግዚአብሔር ፊት ዝም ብሎ መቆየት ነው። ቴሬዛ ጸሎትን የምታየው እንደ ወዳጅነት ነበር። ወዳጅ ዘንድ ደግሞ ሁልጊዜ ወሬ አያስፈልግም።

አንዳንዱ ሰው ስለ እነዚህ መነኮሳይያት “ከዓለም ሸሽተው ነው” ይላል። እኔ አልስማማም። የሚጸልዩት ለዓለም ነውና። የዋልድባን ገዳም ለሚያውቅ ሕዝብ ደግሞ ይህ ኑሮ ጨርሶ እንግዳ አይደለም።