የአሮጌዋ ቮልስ የፍሬን ቧንቧ

ፈረሰኛ በሚከበርበት በአዊ ምድር፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ አሮጌ ቮልስ በግቢው የሚያኖር ሰው፣ ፈረሰኛው ልጓሙን ሳይመረምር እንደማይወጣ ሁሉ፣ እርሱም በመኪናዋ ሆድ ሥር የተዘረጋውን ቀጭን የፍሬን ቧንቧ ዝናምና ጭቃ በልቶት እንደሆነ ሳያይ ወደ አዲስ አበባ ሊነዳት አይገባውም፤ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚያወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ያዘቀዝቃልና።

የፍሬን ዘይት ጠባዩ ከአየር እርጥበትን መሳብ ነው። ዶት 3 የሚባለው ንጹሕ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች የማይፈላ ሲሆን፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል፤ በፈላም ጊዜ የሚፈጠረው እንፋሎት፣ ከፈሳሽ ባሕርይ ተለይቶ የሚጨመቅ ስለ ሆነ፣ ፔዳሉ ከእግር በታች ባዶ ሆኖ ይቀራል። ያው ውሃ የብረቱን ቧንቧ ከውስጥ ያዝገዋል። (የጎማው ቱቦ ደግሞ፣ ተንኰለኛ ነውና፣ በውጭ ደኅና መስሎ በውስጡ አብጦ መተላለፊያውን ይዘጋል።)

ቧንቧውን በቤቱ ሊለውጥ የሚሻ ሰው መኪናዋን በክሪክ ብቻ አያቁም፤ በጽኑዕ መደገፊያ ያሳርፋት። ለውሃ የተሠራ ተራ የመዳብ ቧንቧ ቢረክስም አይግዛ፣ በንዝረት ይሰነጠቃልና። የአዲሱ ቧንቧ አፍ አከፋፈት ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። ከዚያም ረዳቱ ፔዳሉን እየረገጠ፣ ከዘይቱ ማጠራቀሚያ እጅግ ከራቀው ጎማ ተጀምሮ፣ አረፋው እስኪያልቅ አየሩ ይውጣ፤ ዘይቱ ቀለም ስለሚልጥ የፈሰሰው ወዲያው በውሃ ይታጠብ። የመጀመሪያው ሙከራ በሜዳ፣ በዝግታ ይደረጋል።