ወንጀልና ዋጋው በቪዲዮ ጨዋታ

(በትምህርት ቤታችን የክርክር ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የምናገርበት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ከዚህ አዳራሽ ጋራ የማይስማማ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ይኸውም ተጫዋቹ በሰፊ ከተማ ውስጥ እንደ ልቡ እየተዘዋወረ መኪና የሚቀማበት፥ የሚተኩስበትና ከፖሊስ የሚሸሽበት የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ወላጆች «ሁሉም አንድ ነው፤ ሌብነት ያስተምራል» ይላሉ፤ ጓደኞቼ ደግሞ «ጨዋታ እኮ ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ጨዋታዎቹን ጐን ለጐን አስቀምጦ «በዚህ ከተማ ክፉ የሠራ ሰው ምን ይከፍላል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል እላለሁ። መልሱ እጅግ ይለያያልና። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።)

ከሁሉ የታወቀው ግራንድ ቴፍት አውቶ ነው። በ1997 ዓ.ም. በስኮትላንድ ተሠርቶ ሲወጣ ከተማው ከላይ ወደ ታች የሚታይ ነበር፤ በ2001 ሦስተኛው ክፍል ሲወጣ ግን ተጫዋቹ መንገዱ ላይ ቆሞ ሕንፃውን ቀና ብሎ የሚያይ ሆነ። በ2013 የወጣው አምስተኛው ክፍል ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ሎስ አንጀለስን አስመስለው የሠሩት ከተማ በውነቱ ድንቅ ነው። የወንጀሉ ዋጋ ግን ርካሽ ነው። ጥፋት ሲበዛ በስክሪኑ ጥግ ኮከብ ይጨመራል፥ ፖሊሱም ይበረታል፤ ነገር ግን ጥቂት ተደብቆ ቢቆይ ኮከቡ ይጠፋል። በሦስተኛው ክፍልማ የመኪናውን ቀለም ማስለወጥ ይበቃል! የሞተውም ከሐኪም ቤት ደጃፍ ይነሣል። ደራሲዎቹ በአሜሪካ የገንዘብ ፍቅር ላይ እያፌዙ መሆናቸውን አውቃለሁ፥ ፌዙም ብዙ ጊዜ ያስቃል። ሆኖም በአምስተኛው ክፍል ተጫዋቹ መሣሪያ መርጦ ሰው እንዲያሠቃይ የሚታዘዝበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ሳቁ ያልቃል።

ማፊያ የተባለውን የሠሩት የቼክ ሀገር ሰዎች ናቸው፤ በ2002 ወጣ። ዘመኑ 1930ዎቹ፥ ከተማውም ሎስት ሄቨን የሚባል በአሳብ የተፈጠረ የአሜሪካ ከተማ ነው። ቶሚ አንጀሎ ታክሲ ነጂ ነበር፤ አንድ ሌሊት ሁለት ወንበዴዎች በሽጉጥ አስገድደው ከአሳዳጆቻቸው እንዲያስመልጣቸው አደረጉት፥ ከዚያም ወዲያ ከእነርሱ ጋራ ሆነ። የሚያስገርመው፥ በዚህ ጨዋታ ቀይ መብራት የጣሰ ወይም በሰዓት ከ40 ማይል በላይ የነዳ ሰው ፖሊስ አስቁሞ ይቀጣዋል። (የከተማችን ሚኒባስ ነጂዎች ቢጫወቱት ደስ ባለኝ።) ይህን አሰልቺ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ግን የጨዋታው ነፍስ እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ሕግ ያለበት ከተማ ስለ ሆነ ሕግ መጣሱ ለተጫዋቹ ይሰማዋል። ታሪኩን የሚነግረን ራሱ ቶሚ ነው፤ በ1938 ቡና ቤት ውስጥ ከመርማሪ ፊት ተቀምጦ ለቤተ ሰቡ ጥበቃ ይለምናል። በጓደኞቹ ላይ መስክሮ፥ ስሙን ለውጦ፥ ሸምግሎም ሳለ ሁለት ሰዎች መጥተው በቤቱ ደጃፍ ይገድሉታል። በዚህ ሞት ከሐኪም ቤት ተነሥቶ መመለስ የለም።

በ2012 የወጣው ስሊፒንግ ዶግስ የሆንግ ኮንግ ታሪክ ነው። ዌይ ሼን ወንበዴ መስሎ የገባ ፖሊስ ስለ ሆነ ሁለት ነጥብ ይያዝለታል፤ መንገደኛ ሲጐዳ ወይም ንብረት ሲሰብር የፖሊስነቱ ነጥብ ይቀነሳል፥ በጭካኔ ሲደባደብ የወንበዴነቱ ይጨመራል።

ኤል.ኤ. ኖየር (2011) ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ተጫዋቹን በ1947 የሎስ አንጀለስ መርማሪ ያደርገዋል። የተዋንያኑ ፊት በ32 ካሜራ ስለ ተቀረጸ፥ ምስክሩ መዋሸቱን ከዓይኑና ከከንፈሩ መፍረድ የተጫዋቹ ፋንታ ነው። በነፍስ ግድያ ክፍል የከሰሳቸው ሰዎች በኋላ ንጹሓን ሆነው ሲገኙ የሚሰማው ስሜት፥ ስንት መኪና ቢቀማ የማይገኝ ነው።

የትኛውን ትመርጣለህ ብትሉኝ ማፊያን እላለሁ፤ በ2020 እንደ ገና ስለ ተሠራ ሥዕሉም አምሯል። ለታናሽ ወንድሜ ግን አንዱንም አልሰጠውም። እኔ 18 ዓመት ሞልቶኛል፥ እርሱ ገና 12 ነው፤ ግራንድ ቴፍት አውቶ አምስትን፥ ስሊፒንግ ዶግስን፥ ኤል.ኤ. ኖየርንና አዲሱን ማፊያ አውሮፓውያን ዕድሜው 18 ላልሞላ አይሆንም የሚል ምልክት አድርገውባቸዋል። በሰፈራችን ጌም ቤት ግን ብሩን እንጂ ዕድሜውን የሚጠይቀው የለም።