ጣታችን ምላስ ሆኗል፦ ለወጣቶቻችንና ለወላጆች የቀረበ ምክር

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ኮሚቴው ስለ ወጣቱና ስለ ስልኩ እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ ብዙዎቻችሁ ምን እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ስልክ ጊዜ ይበላል፣ ሌሊት ያስመሻል፣ ከሱብሒ ሶላት ያስቀራል እንድላችሁ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ወጣቶቻችንም አያጡትም። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ከዚህ የከበደ መስሎ የታየኝን ነገር ነው። ቀድሞ ሰው ወሬ የሚያደርሰው በምላሱ ነበር። ዛሬ ጣታችን ምላስ ሆኗል። ስለ ምላስ የተማርነውን ሁሉ ግን ለጣታችን አላስተማርነውም።

ምክሬን ከሌላ ሰው ጥፋት ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ሚያዝያ 24 ቀን 2014 የዒድ አልፊጥር ዕለት ነበር። እንደ ወትሮው ሕዝበ ሙስሊሙ ስታዲየሙን ሞልቶ እስከ መስቀል አደባባይ ተዘርግቷል። በዚያ ጠዋት ግርግር ተነስቶ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ፣ ሰው ከሰው መጠፋፋቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እኔ ልጆቼን ይዤ ወደ ካዛንቺስ ተመልሼ፣ ቤት ገብቼ ነበር። ስልኬ መጮህ ጀመረ። አንድ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ፤ አንድ ሰው እያለቀሰ፣ እገሌ በሚባለው ቦታ ብዙ ወንድሞቻችን ወድቀዋል፣ ድረሱላቸው ይላል። ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ የት ሆኖ እንደሚናገር አላውቅም። ሳልጠይቅ፣ ሳላጣራ፣ ለሦስት የቴሌግራም ግሩፖች አስተላለፍኩት። ከሦስቱ አንዱ የደርስ ተማሪዎቼ ያሉበት ነበር።

ከዙሁር በኋላ የአንዱ ተማሪዬ እናት በሬ ላይ ቆመው፣ «ኡስታዝ፣ ልጄ የእርስዎን መልእክት ሰምቶ ሮጦ ወጣ፤ ስልኩም አይነሳም» አሉኝ። ልጁ የ16 ዓመት ልጅ ነው። እስከ መግሪብ ድረስ እኔና እኚያ እናት ያሳለፍነውን ሰዓት አላህ ያውቀዋል። አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ዓይኑ ቀልቶ፣ አንድ እግር ጫማውን ጥሎ በሰላም ተመለሰ። ደርሶ ሲያይ በተባለው ቦታ የተባለው ነገር አልነበረም። ለምን ሄድክ ብዬ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ የላኩት እርስዎ ስለሆኑ ውሸት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ወሬውን የፈጠርኩት እኔ አልነበርኩም። ነገር ግን ስሜን አበድሬዋለሁ። ልጁ ያመነው የማያውቀውን ድምፅ ሳይሆን እኔን ነው።

በዚያ ሌሊት ሱረቱን ኑርን ገልጬ የኢፍክን ታሪክ እንደ አዲስ አነበብኩት። በእናታችን በዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ የሐሰት ወሬ ተነዝቶ፣ መዲና ለአንድ ወር ያህል ስትታመስ ቆየች። አላህ በዚህ ሱራ ምእመናንን ሲወቅስ፣ ወሬውን በምላስ እንደተቀባበሉት ይገልጻል። ልብ በሉ፤ ወሬ መቀበያ የተሰጠን ጆሮ ነው፣ መመርመሪያውም ልብ ነው። ወሬው ግን ልብ ዘንድ ሳያርፍ ከምላስ ወደ ምላስ ዘለለ። ዛሬ መልእክትን ሳናዳምጠው እስከ መጨረሻው የምናስተላልፍ ሰዎች ይህ አነጋገር እኛን አይመለከተንምን?

ወሬውን ያዛመቱት ሁሉ ሙናፊቆች አልነበሩም። ከመካከላቸው ሚስጠሕ (ረ.ዐ) በበድር የተሰለፈ፣ አቡበክር (ረ.ዐ) በችግሩ ይደጉሙት የነበረ ዘመዳቸው ነው። ደግ ሰውም በወሬ ይወድቃል። አቡበክር ድጎማውን ላቋርጥ ብለው ሲምሉ፣ አላህ ይቅርታን አስተማራቸውና ድጎማውን መለሱለት። በአንጻሩ አቡ አዩብ (ረ.ዐ) ወሬው ሲደርሳቸው፣ ባለቤታቸውን አንቺ ብትሆኚ ይህን ታደርጊ ነበርን ብለው ጠየቁ። እርሳቸውም በጭራሽ አሉ። እንግዲያውስ ዓኢሻ ካንቺ ትበልጣለች ብለው ነገሩን በቤታቸው ዘጉት። ወሬው እዚያ በር ላይ ሞተ።

እንግዲህ መፍትሔው ስልክን መስበር ነውን? አይደለም። በ2017 ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ስትነሳ፣ ከጀመዓችን ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሩቅ ሰፈሮች ሄደዋል። ጎን ለጎን ይሰግዱ የነበሩ አባቶች ዛሬ የሚጠያየቁት፣ ጀናዛ የሚጠራሩት በስልክ ነው። ለታመመ መዋጮ በቴሌብር በአንድ ቀን ይሰበሰባል። ደርሱንም በርቀት የሚከታተሉት አሉ። ዝምድናን የሚቀጥል መሣሪያ እንዴት ይሰበራል?

መዝጋትም መድኃኒት እንዳልሆነ አይተናል። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ታግደው በነበረ ጊዜ፣ ልጆቻችን በቪፒኤን ይገቡ ነበር። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185ም፣ ከ5000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ለሚያሰራጭ ሰው ቅጣቱን ያከብዳል። ሕግ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ ብቻውን፣ በብርድ ልብስ ውስጥ፣ ሌሊት ስልኩን ሲነካካ ከእርሱ ጋር ያለው አላህ ብቻ ነው። ከውጭ የሚቆለፍ በር የለም፤ ቁልፉ ተቅዋ ነው።

ስለዚህ ለወጣቶቻችን ሦስት ነገር እመክራለሁ።

አንደኛ፣ አጣሩ። በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ታዘናል፤ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ነው። ማን አለ? የት ሆኖ? መቼ? የቆየ ቪዲዮ እንደ ዛሬ የሚላክበት ጊዜ ብዙ ነው። መልሱን ካላገኛችሁ መልእክቱ እናንተ ዘንድ ይሙት። የሰማውን ሁሉ ማውራት ብቻውን ሰውን ውሸታም እንደሚያደርገው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ሙስሊም ዘግበዋል።

ሁለተኛ፣ በዲን ስም አትሳደቡ። በቲክቶክ ላይቭ እስከ ንጋት ከሌላ እምነት ሰው ጋር የሚሰዳደብ ወጣት ኢስላምን የረዳ ይመስለዋል። ነገር ግን ሰድቦ፣ ተሰድቦ፣ ሱብሒ አምልጦት ይተኛል። ያ የሰደባችሁት ሰው ነገ በሰፈራችሁ በር ለበር የምትገናኙት ጎረቤታችሁ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የሰው ነውር ሲደርሳችሁ ሸፍኑ። የእህታችሁ ፎቶ እንዲዞር እንደማትሹ፣ የሌላውንም እህት ፎቶ አታዙሩ።

ወላጆችም ራሳችንን እንጠይቅ። ልጁ ዝም እንዲልልን በሦስት ዓመቱ ስልክ የሰጠነው እኛ ነን። እራት ቀርቦ አባት በፌስቡክ፣ እናት በቲክቶክ ሆነው ልጅን ብቻ መቆጣት አያስኬድም። ሲሳሳትም አታባርሩት። ሚስጠሕን ጀመዓው አልጣለውም፤ ያን ዕለት ለተሳሳተው ኢማማችሁም እናንተ ይቅር ብላችሁታል። ያቺ እናት ዛሬም «ኡስታዝ» ይሉኛል። በዚያ ሳምንት በሦስቱም ግሩፖች «የላክሁት መልእክት ትክክል አልነበረም፤ አውፍ በሉኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። መጻፉ ከብዶኝ ነበር። ተማሪዬ ግን ከዚያ ወዲህ የሚደርሰውን ወሬ ሳያስተላልፍ አስቀድሞ ወደ እኔ ይልካል፦ «ኡስታዝ፣ ይህ እውነት ነው?» ይለኛል። ብዙ ጊዜ መልሴ «አላውቅም፣ አቆየው» የሚል ነው። እርሱም ያቆየዋል።

አላህ ምላሳችንን፣ ጣታችንንና ልባችንን ይጠብቅልን። ወጣቶቻችንን ለወላጆቻቸው የዓይን ማረፊያ፣ ለጎረቤቶቻቸው ሰላም ያድርግልን። ለአገራችን ሰላምን ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።